የኬክ ዲኮር ለአዋቂዎች ሲሰጥ፦ በቅቤ ክሬም፣ በቶፒንግ፣ በሮያል አይሲንግ ወይስ በፎንዳንት ይጀመር?

አዋቂዎችን ኬክ ማስዋብ ለማሠልጠን ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሚክሰርና ስለ ምዝገባ ነው። ሥልጠናው እንዲሰምር ወይም እንዲከሽፍ የሚያደርገው ግን ሌላ ምርጫ ነው፦ ሠልጣኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጃቸውን የሚያፍታቱት በምንድን ነው?

የማስተማሪያ ክሬም በውበቱ አይመዘንም። የሚመዘነው ሠልጣኙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ አበላሽቶ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ሊሞክርበት እንደሚችል ነው። አዋቂ ሠልጣኝ ከፍሎ ነው የሚመጣው፤ ስልኩ ውስጥ ያለቀለት የሠርግ ኬክ ፎቶ ይዟል፤ በሰው ፊት ሲበላሽበት ደግሞ ከልጅ ይልቅ ያፍራል። ስህተቱ በማንኪያ ተጠርጎ ወደ ሳህኑ የሚመለስ ከሆነ እፍረቱም አብሮ ይሄዳል። 800 ግራም ፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዘርግቶ ኬክ የሚሸፈንበት የስኳር ልባስ) ከተቀደደበት ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ነው የሚያስበው።

የሾርተኒንግ ክሬም

ለመለማመጃ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ነጭ፣ ሽታ የሌለው ጠጣር የአትክልት ስብ (ሾርተኒንግ) 500 ግራም፣ የተነፋ ፓውደር ስኳር 500 ግራም፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በዝቅተኛ ፍጥነት ይመታል። በከፍተኛ ፍጥነት ከተመታ አየር ይገባበትና ከኖዝሉ (ከክሬም ከረጢቱ ጫፍ ላይ ከሚገባው አፍ) ሲወጣ እየፈነዳ መስመሩን ይቆራርጠዋል። ለምግብ ማብሰያ የሚሸጠው የሚረጋ የፓልም ዘይት ርካሽ ቢሆንም ይህን ቦታ አይተካም፤ ሲቀዘቅዝ ይሻክራል፣ የእጅ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ቶሎ ይፈሳል።

ሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን ሊለዩት የሚገባው የክሬሙን ውፍረት ነው። በብርጭቆ ክሬም መካከል ፓሌት ናይፍ ይትከሉ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ለጽጌረዳ ይሆናል፤ በዝግታ ካዘነበለ ለዛጎልና ለኮከብ ጠርዝ፤ ከወደቀ ደግሞ ለመቀባትና ለጽሕፈት። ለማወፈር ስኳር፣ ለማቅጠን ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው ግን በሻይ ማንኪያ እየተለካ ነው። በተለምዶ ጀማሪ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ሲል ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን ለሥራው ያልተገባ ውፍረት ይዞ መሥራቱ ነው።

ልምምዱ ኬክ አያስፈልገውም። ንድፍ ያለበት ወረቀት በጠራ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል፣ ሠልጣኙ በላዩ ላይ ያወጣል፣ በስክሬፐር ጠርጎ ወደ ሳህኑ ይመልሳል። በሰው 1 ኪሎ ክሬም ከተያዘ ለበርካታ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ወተትና እንቁላል ስለሌለው ፍርፋሪ ካልገባበት ተከድኖ ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም። ትንሽ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም ጨምሩበት። ነጭ ክሬም በነጭ ፎም (በኬክ ቅርጽ በተሠራ መለማመጃ) ላይ ዓይናቸው ለቅርብ ለደከመ ሰዎች ጨርሶ አይታይም፤ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሠልጣኞች ደግሞ በእንዲህ ያለ ክፍል ብዙ ናቸው። መነጽራቸውን ይዘው እንዲመጡ በምዝገባው ቀን ይነገራቸው።

የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። ከረጢቱ ከግማሽ በላይ ከተሞላ ክሬሙ በላይ በኩል ይወጣል፣ ጣትም ይዝላል። ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ የእጅ ሙቀት ክሬሙን ያልመዋል፤ የዛጎሉ ጠርዝ ሹልነቱን ካጣና ማብረቅረቅ ከጀመረ ከረጢቱ ወርዶ ሌላ ይነሣል። በ104 ቁጥር ኖዝል የሚወጣው የጽጌረዳ ቅጠል አናቱ ወፍሮ ከታጠፈ ኖዝሉ ተገልብጧል፤ ሰፊው ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ጽጌረዳው ወደ ጎን ከዘመመ መካከሉ ላይ የቆመው ሾጣጣ ቀጥኗል ወይም ክሬሙ ለስላሳ ነው። ግራኝ ሠልጣኝ ካለ ደግሞ የቀኝ እጅ ሰው የሚሄድበትን አቅጣጫ አታስገድዱት፤ ዛጎሉን ከቀኝ ወደ ግራ ይሥራው፣ ጽጌረዳውንም በተቃራኒ ያዙረው።

ጉድለቱ ጣዕሙ ነው። ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ገዢ አይወደውም። ስለዚህ መለማመጃ እንጂ የሚሸጥ ክሬም እንዳልሆነ ገና ከመጀመሪያው መነገር አለበት።

እውነተኛው ቅቤ ክሬም

እጅ ከተፍታታ በኋላ ወደሚበላው ክሬም ይታለፋል። ምርጫው ሦስት ነው። ቀላሉ የአሜሪካ ዓይነት የሚባለው ነው፦ 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም ፓውደር ስኳርና ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት። ላዩ ስለሚደርቅ በወረቀት አለስልሶ ለማስተካከል ያመቻል፤ ነገር ግን በጣም ጣፋጭ ነው።

ሁለተኛው የስዊስ ሜሪንግ ክሬም ነው፤ ሜሪንግ ከስኳር ጋር የተመታ የእንቁላል ነጭ ነው። 150 ግራም የእንቁላል ነጭና 300 ግራም ስኳር በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየተማሰለ 71 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከዚያ ሳህኑ ከውጭ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይመታል፣ 450 ግራም የለሰለሰ ቅቤ በየጥቂቱ ይገባል። ሠልጣኞች የሚደነግጡት ክሬሙ ሲቆራረጥ ወይም ሾርባ ሲመስል ነው። መቆራረጡ ቅቤው ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው፤ መምታት መቀጠል ብቻ ይበቃል። ሾርባ መምሰሉ ደግሞ ሜሪንጉ ሳይቀዝቅዝ ቅቤ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ገብቶ እንደገና ይመታል። በሁለቱም ጊዜ የሚጣል ነገር የለም። ይህን ሆን ብላችሁ በፊታቸው አበላሽታችሁ መልሱት፤ ከንግግር ይልቅ ያስተምራል።

ሦስተኛው የጣሊያን ሜሪንግ ክሬም ነው፣ የውጭ አዘገጃጀት የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ሽሮፑን 118 ዲግሪ አድርሱ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳሩ በ118 የሚደርስበትን ውፍረት አዲስ አበባ ላይ በ110 አካባቢ ይደርሳል። መጽሐፉን አምኖ 118 ድረስ የጠበቀ ሰው ሽሮፑ መምቻው ላይ ክር እየሠራ ይጠጥርበታል፣ ክሬሙም ውስጥ የስኳር ፍንካች ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገቡ፣ ያነበበውን ከ100 ቀንሱ፣ ልዩነቱን ከአዘገጃጀቱ ላይ አንሡ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ያንሳል፤ አሠራሩ ያው ነው። ለጀማሪ ክፍል ግን ጣሊያናዊውን ማሳየት እንጂ ማሠራት አያስፈልግም። የሚፈላ ስኳር ይዘው አሥር ሰዎች በጠባብ ክፍል ሲዘዋወሩ አደጋ አለው።

የአየሩም ነገር አለ። በቅቤ የተሠራ ክሬም ከ30 ዲግሪ ካለፈ መዋረድ ይጀምራል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርግ የሚሠራ ሠልጣኝ ካለ ከቅቤው ሲሶውን ወይም ግማሹን በሾርተኒንግ መተካትን ይማር፤ ጣዕሙ ቢቀንስም ኬኩ ይቆምለታል።

ቶፒንግ ክሬም

ከተማ ውስጥ ያሉ ኬክ ቤቶች የሚበዙበት ይሄ ነው፤ ርካሽ፣ ቀላልና ሕዝቡ ጣዕሙን የለመደው ነው። ዱቄቱ በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ወይም ወተት ይመታል፣ ሳህኑም ቢቀዘቅዝ ይመረጣል። ለመለማመጃ ግን ደካማ ነው። ከመጠን በላይ ከተመታ አረፋው ይሻክራል፣ ተጠርጎ እንደገና ከረጢት ውስጥ ሲገባም አየሩ ወጥቶ ይላላል፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም ማለት ነው። ኬክ ቤት ተቀጥረው መሥራት የሚፈልጉ ሠልጣኞች በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይማሩት፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ስለ ጾም አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ አስተምሩ። ማሸጊያው ላይ «ከወተት ነጻ» ዓይነት ማስታወቂያ ያለበት ቶፒንግ ሁሉ የጾም አይደለም። ብዙዎቹ ሶዲየም ኬዝኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን አላቸው። የጾም ኬክ ብሎ የሸጠ ሰው ደንበኛ ከኋላ አንብቦ ቢያሳየው የሚመልሰው የለውም።

ሮያል አይሲንግ

500 ግራም ፓውደር ስኳርና 90 ግራም ያህል የእንቁላል ነጭ፣ ከጥቂት ጠብታ ሎሚ ጋር በዝቅተኛ ፍጥነት ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይመታል። ጥሬ እንቁላል ስላለበት ለሚበላ ሥራ በሜሪንግ ፓውደር ቢተካ ይመረጣል። በርካሽነቱ የሚወዳደረው የለም፤ ስኳርና እንቁላል ብቻ ነው። የጾም ግን አይደለም፤ ሜሪንግ ፓውደሩም ከእንቁላል ነው የሚሠራው።

ለክርና ለዳንቴል ሥራ፣ ለብስኩት፣ የፎንዳንት ቁርጥራጭ ለማጣበቅ አቻ የለውም። ይሁን እንጂ ጀማሪን በሱ መጀመር ጭካኔ ነው። በ2 ቁጥር ቀጭን ኖዝል ወፍራም ሮያል መጭመቅ የእጅ አንጓ ያሳምማል፤ ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ የደረቀ ቅንጣት ኖዝሉን ሲደፍነው ሠልጣኙ ይበልጥ ይጨምቃል፣ ከረጢቱም ይፈነዳል። ሳህኑ ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። በብሌንደር ቤት ውስጥ የተፈጨ ስኳር በተለመደው ወንፊት ቢነፋም ለ1 እና ለ2 ቁጥር ሸካራ ነው፤ በስስ ናይለን ጨርቅ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ቅባት ጠላቱ ነው፤ ቅቤ የነካ ሳህን ወይም መምቻ ካገኘው ውፍረት አይዝም። የቅቤ ክሬም ክፍልና የሮያል ክፍል በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቀን አይካሄድም።

ለመሙያ የሚቀጥነው መጠን በቁጥር ይያዛል፦ በቢላ ላዩ ተሰንጥቆ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ውስጥ ከተጋጠመ ልክ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ከመስመሩ ይፈሳል፤ ከ20 በላይ ከሆነ ጎርበጥባጣ ይሆናል። ግሊሰሪን በሻይ ማንኪያ የሚጨመረው ኬክ ላይ ለሚቀባው ብቻ ነው፣ በቢላ ሲቆረጥ እንዳይሰባበር። ለዳንቴል ከገባ ጌጡ ሳይደርቅ ይበጠሳል።

ፎንዳንትና የአበባ ሊጥ

ሠልጣኞች የሚመጡት ለዚህ ነው፣ ማስታወቂያውም የሚሸጠው በዚህ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ከፎንዳንት ለመጀመር ይፈተናል። ቁጥሩን ግን እንመልከት። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ኬክ ለመሸፈን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ያስፈልጋል፤ ይህ ከ800 እስከ 900 ግራም ነው። ቀጥኖ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ይቀንሳል፣ ለጀማሪ ግን ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘረጋ የተነሰነሰው ስታርች ገብቶበት መድረቅ ይጀምራል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘረጋ ይሰነጣጠቃል። እንግዲህ አንድ ሠልጣኝ 900 ግራም ይዞ በክፍለ ጊዜው ሁለት ሙከራ ብቻ አለው፤ በሾርተኒንግ ክሬም ያንኑ ጊዜ ከመቶ በላይ ዛጎል ያወጣል።

ሌላው ምክንያት፣ ፎንዳንት የሥሩን ጥፋት አይሸፍንም፤ ያጎላዋል። ከሥሩ ያለው ቅቤ ክሬም ጎድጓዳ ከሆነ ፎንዳንቱም ጎድጓዳ ነው። ኬኩ በቂ ጊዜ ሳያርፍ ከተሸፈነ ሙሌቱ ይወርድና ወገቡ ላይ ይነፋል። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በሞቃት ክፍል ሲወጣ ያልበዋል፤ ያኔ ጣት ማሳረፍ የለም፣ ራሱ እስኪደርቅ ይተዋል። ቅቤ ክሬም በትክክል መቀባት ያልቻለ ሠልጣኝ ፎንዳንት መሸፈን አይችልም፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ይህ ነው።

የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ፎንዳንት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ዝሆን ቆዳ ይጨማደዳል። ጥቂት ሾርተኒንግ እጅ ላይ ቀብቶ ማሸት፣ የማይሠራበትን ቁራጭ በፕላስቲክ ማሸግ ያድናል። በሐምሌና በነሐሴ ተቃራኒው ነው፤ ይጣበቃል፣ የአበባ ሊጡም በ24 ሰዓት መድረቅ ሲገባው ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በክረምት የአበባ ሥልጠና የምትሰጡ ከሆነ በተከታታይ ቀናት አታድርጉት።

የአበባ ሊጥ ለመሥራት 250 ግራም ፎንዳንት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲ ኤም ሲ (ሊጡን የሚያጠነክር የምግብ ዱቄት) ጨምሮ ማሸትና ማሳደር ለመጀመሪያ ይበቃል። ለቅጠል ሽቦ 26 ወይም 28 ቁጥር፣ ለግንድ 18 ወይም 20፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። ሽቦ በቀጥታ ኬክ ውስጥ አይሰካም፤ ለዚሁ በተሠራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይገባል፣ ገዢውም ከመቁረጡ በፊት እንዲያወጣው ይነገረዋል።

የሚገዛ ፎንዳንት ውስጥ ጀላቲን ሊኖር ይችላል፤ ቤት ውስጥ በማርሽማሎ የሚሠራውማ ምንጊዜም አለው ማለት ይቻላል። ጀላቲን ከእንስሳ ስለሚወጣ በጾም አይሆንም፤ ለሙስሊም ሠልጣኝና ደንበኛ ደግሞ ከምን እንስሳ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሚነካውና የሚቀምሰው እንዲሆን የሐላል ምልክት ያለበትን ወይም ያለ ጀላቲን የተሠራውን ምረጡ።

ታዲያ የትኛው ለማን?

ምንም የማያውቁ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የምታስተምሩ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ለሾርተኒንግ ክሬም፣ ቀጣዮቹ ሁለት ለሚበላው ቅቤ ክሬም፣ አንዱ ለሮያል፣ ሁለቱ ለፎንዳንት ይሁኑ። ኬክ ቤት ውስጥ የሚሠሩና ክሬም መቀባት የሚችሉ ከሆኑ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ወደ አንድ ቀን ፈተና አጥፉትና ቀጥታ ፎንዳንትና አበባ ግቡ። ለልጃቸው ልደት አንድ ኬክ ሠርተው መደሰት ለሚፈልጉ የሁለት ቀን ተሳታፊዎች ደግሞ ከላይ የተባለው ሁሉ አይሠራም። ለነሱ በአሠልጣኙ እጅ አስቀድሞ የተቀባ ኬክ ስጧቸው፣ ፎንዳንት ይዘርጉ፣ ሁለት ቅርጽ ይቁረጡ፤ ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው ቁም ነገሩ።

ስለ ኬኩ፣ ፎም ዳሚ ወይስ እውነተኛ? ፎሙ ርካሽ ነው፣ ይጠረጋል፣ አይበላሽም። ቀላል ስለሆነ ግን ሲለሰልስ ይንሸራተታል፤ ሰሌዳው ላይ በሮያል ወይም በሙጫ መያዝ አለበት። ፎም አይፈረፈርም፣ አይዘምምም፣ አይሰምጥም፤ የቀረበውን ሁሉ በፎም የተማረ ሰው የመጀመሪያውን እውነተኛ ኬክ ሲቀባ ፍርፋሪው ክሬሙን ያቆሽሽበታል። ከአራት ክፍለ ጊዜ ቢያንስ አንዱ በእውነተኛ ኬክ ይሁን።

በተከታታይ አምስት ቀን ከሚሰጥ ሥልጠና ይልቅ በየቅዳሜው የሚሰጥ ይሻላል፤ እጅ የሚለምደው በመሃል ባሉት ቀናት ቤት ውስጥ በሚደረገው ልምምድ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ግን የሆቴል ወጪ ስላለባቸው አምስቱ ቀን የማይቀር ይሆናል፤ ያኔ ለየአንዳንዳቸው አንድ ከረጢት፣ ሦስት ኖዝልና አንድ ኪሎ መለማመጃ ክሬም ይዘው ወደ ማረፊያቸው እንዲሄዱ አድርጉ። አንድ አሠልጣኝ ከስምንት ሰው በላይ ይዞ እጅ ማረም አይችልም። ማሳያውም ከፊት ለፊት ሲሆን ሠልጣኙ የሚያየው ተገላቢጦሽ ነው፤ ስልክ ከአሠልጣኙ ትከሻ በላይ ተሰቅሎ ወደ ቴሌቪዥን ቢተላለፍ ይቀላል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን ኦርቶዶክሱ ሠርግ ስለማይደግስ የኬክ ትእዛዝ ይቀዘቅዛል፣ ጋጋሪውም ጊዜ ያገኛል። የሠርግ ኬክ ሥልጠና በሁዳዴ መጀመሪያ ተከፍቶ ከሕማማት በፊት ቢያልቅ ሠልጣኙ ለዳግማይ ትንሣኤ ትእዛዝ ይደርሳል። በሾርተኒንግና በውሃ የተሠራው መለማመጃ ክሬም የሚጾመውንም አያስቸግርም፤ ቅቤውና እንቁላሉ ያለበትን ክፍለ ጊዜ ግን ወደ መጨረሻው ገፍታችሁ፣ ቅምሻውን ለሚፈልግ ብቻ ተዉት። ረመዳን ከገባም ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍል ወደ ጠዋት ማዞር በቂ ነው።

የማጠናቀቂያ ፈተናው ባለ 20 ሴንቲ ሜትር እውነተኛ ኬክ ይሁን፣ በ90 ደቂቃ ውስጥ፦ መቀባት፣ በ21 ቁጥር ኮከብ ኖዝል ዙሪያውን ዛጎል፣ በ104 አምስት ጽጌረዳ፣ በ3 ቁጥር አንድ ስም። ጽጌረዳዎቹ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቆመው ከተገኙ፣ ዛጎሎቹ መጠናቸው ከተመሳሰለና ስሙ ሳይጨናነቅ ኬኩ ላይ ከገባ ሠልጣኙ ትእዛዝ መቀበል ይችላል።